የጋሽ ቆይማ ወይን ጠጅ ተራራ

ሰዓሊ ጎረቤት ያለው ሰው የኔ የሚለው ቀለም የለውም። ሸሚዙም፣ በሩም፣ ፊቱም የጎረቤቱ መመራመሪያ ነው። የኛ ግቢ ሰዓሊ፣ ክቡር ጋሽ ቆይማ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ደጅ ላይ ያስቆሙኛል። እንዴት አደርክ የለ፣ ደህና ዋል የለ።

«ቆይማ! ወደ ፀሐይ ዙር። አየህ፣ የነጭ ሸሚዝ ጥላ ሰማያዊ ነው።»

«ጋሼ፣ ረፈደብኝ እኮ!»

«አንተ ማታ ትመለሳለህ። ይሄ ቀለም ግን ከሄደ ሄደ ነው።»

ስም ያወጣላቸው ይሄው «ቆይማ» ነው። ዝናብ ያቆረው ውሃ ውስጥ ሰማይ ካዩ መንገድ መሀል ቀጥ ይላሉ። ከኋላ የመጣው ሾፌር ጥሩንባውን ሲያንባርቅባቸው እጃቸውን አንስተው «ቆይማ፣ ወንድሜ!» ይሉታል።

የሚስሉት ተራራ ነው፤ ያውም አንዱን፣ ከመስኮታቸው ፊት ለፊት ያለውን። አረንጓዴ ቀለም ከቱቦ አውጥቶ እንዳለ መቀባት ለእሳቸው ነውር ነው። ሰማያዊውን ከቢጫ ይለውሳሉ፣ ቀይ ጠብ ያደርጉበታል፣ ይቀቡታል፣ መልሰው በቀጭኗ ቢላዋ ይፍቁታል። እኛ «ቁርጥ ተራራውን!» ብለን ሳንጨርስ ተራራው ጨርቅ ላይ ተጠርጎ ቁጭ። «ገና አልመጣልኝም» ይላሉ፣ እንግዳ የቀጠሩ ይመስል።

ባለቤታቸው እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በትርፍ ሰዓታቸው የባላቸው ዳኛ። ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ይሄ ተራራ ነው የሰላጣ ክምር?» ካሉ ይግባኝ የለም።

ዘንድሮ ግን ጋሼ ለየላቸው። ተራራው ወይን ጠጅ ሆነ። ሰማዩ ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ፣ ሜዳው እንደ ትራፊክ መብራት የሚያበራ አረንጓዴ። ግቢው ተሳሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ «ሲያሸቱት ኖረው ቀለሙ አናታቸው ላይ ወጣ» አለ። ቀልዱን ለሰፈሩ ያዳረስኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ሱሪ ላሳጥር ቤታቸው ገባሁ። እትዬ ሰማያዊ ሱሪዬን በቡናማ ክር መስፋት ጀመሩ።

«እትዬ፣ ክሩ ቡናማ ነው እኮ።»

እጃቸው ቆመ። «ሁሉ ነገር ሻይ የተደፋበት ይመስለኛል፣ ልጄ» አሉ።

የዓይን ሞራ ኖሯል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናውን ቢቀጥርላቸውም እትዬ «ጭራሽ ቢጠፋብኝስ?» ብለው ደጋግመው ቀርተዋል።

ጋሼ ሸራው ላይ ሰማያዊ ጨመሩና ጠሯቸው። «እስቲ አሁን እይው።»

እትዬ ተጠግተው ዓይናቸውን አጠበቡ። «ከታች በኩል አሁንም ጭቃ ነው።»

ጋሼ ወይን ጠጁን አደመቁት። «አሁንስ?»

እትዬ ጣታቸውን ወደ ሸራው ዘረጉ። በቀስታ «መጣ» አሉ። «ድሮ የማየው ተራራ ነው። እንዴት ናፍቆኝ ነበር!»

ለካ ያ ሁሉ የሳቅንበት ቀለም ለኛ ዓይን አልተበጠበጠም። ሱሪዬን ረስቼ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እትዬ አልቀሩም። «አንዴ ካየሁት ወዲያ አላስቻለኝም» ብለው፣ የጋሼን ክንድ ይዘው ሄዱ። ደግነቱ ተሳካ። ፋሻው ተነስቶ ቤት ሲገቡ በቀጥታ ሸራው ፊት ቆሙ።

«ኧረ ጉድ! ይሄን ተራራ ማን ደብድቦት ነው እንዲህ የበለዘው?» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ጋሼ አፈሩ። ቢላዋቸውን አንስተው ሊፍቁት ሲሉ እትዬ እጃቸውን ለቀም።

«ንካውና ጉድ ይፈላል!»

«ሰው ይስቅብናል እኮ።»

«ይሳቃ! ያኔ ከዚህ ሌላ ያየሁት ተራራ የለም።»

ከስፌት መኪናቸው በላይ ራሳቸው ሰቀሉት።

እኔም አላስችል አለኝና «ጋሼ፣ ለኔም አንድ ይሳሉልኝ» አልኳቸው። መስኮቱ ፊት ወንበር ሳቡልኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«መጀመሪያ ንገረኝ። ላንተ እንዴት ነው የሚታይህ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ተራራው ላይ አፈጠጥኩ። ጋሼ ብሩሻቸውን እንደያዙ አጠገቤ ተቀምጠው ጠበቁኝ።