ፍላቂት በመያዣ የቀረችው ፓፍ

ከደጋ ወርዶ ቆላ የከረመ ሰው ሁሉ ጉረኛ ነው! ተቆጡ፤ መብታችሁ ነው። ግን እስቲ አንድ የላስታ ሰው ድሬዳዋ ላይ አምጡልኝና፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፊቱን በካርቶን እያራገበ፣ "እኛ አገር እኮ አየሩ ራሱ ምግብ ነው!" ሳይል የዋለበትን ቀን አሳዩኝ። አታገኙም። ላሊበላ ተወልጄ ድሬዳዋ ትዳር ይዤ የከተምኩ ሰው ስለሆንኩ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። "የደገኛ ሳንባ ጎተራ ነው!" የምትለውን ንግግሬን የሰፈራችን ፍየሎች እንኳ በቃላቸው ይዘዋታል።

ባለቤቴ ብርቱካን የድሬ ልጅ ናት፤ አስም አለባት። እኔ ጎተራዬን ባሞገስኩ ቁጥር፣ እሷ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቷን (እኛ ቤት "ፓፍ" እንላታለን) ነቅነቅ ታደርግና፣ ፍሽሽ! አድርጋ ስባ ዝም ትላለች። ያቺ ዝምታ አንድ ቀን እንደማትምረኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቀኑ የደረሰው የእህቴ ልጅ መላኩ "አጎቴ፣ ሽምግልና ሂድልኝ" ያለኝ ለት ነው። መላኩ ድሬዳዋ ሥራ ይዞ እኛው ዘንድ የሚኖር ልጅ ነው። የወደዳት ዘውድነሽ ግን የፍላቂት ልጅ ናት፤ አባቷ አያ ሞላ ደግሞ ገብሳቸውንም ልጃቸውንም ለማንም የማይሰጡ ቆፍጣና ገበሬ ናቸው ተባለ። እምቢ ካሉ ልጁ ሌላ ላያገባ ምሏል። ምግብ መብላትም ቀንሷል… እሱስ ለቤታችን ጥሩ ነበር።

"ደስ ይለኛል!" አለ አፌ። ሆዴ ግን አልተስማማም። ምክንያቱም፣ ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፣ ባለፈው አገሬን ልጠይቅ ስሄድ ራሴን ሲፈልጠኝ፣ ሲያጥወለውለኝ፣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ነበር የሰነበትኩት። ለሰው "ጋሸና ላይ የበላሁት ጥብስ ነው" ብያለሁ። ጥብሱ ምን አደረገ? ከፍታው ነው እንጂ! የላስታ ልጅ በላስታ ከፍታ ታመመ… ይሄ ተብሎ ይወራል?

ስለዚህ ስልኬን ከፈትኩ። "ሳንባን የሚከፍቱ፣ በአፍ የሚሳቡ መድኃኒቶች የከፍታን ሕመም ለመከላከልና ለማከም…" የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ እዚያው ላይ ዘጋሁት። በኋላ ብርቱካን ስታነበው፣ መጨረሻው ላይ "ማስረጃው ግን ገና አናሳ ነው" ይላል ለካ! ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እናንተስ መጨረሻውን ታነባላችሁ?

"ትርፏን ፓፍ ስጪኝ" አልኳት።

"ለምን?"

"ለ… መንገድ።"

"አቦ! ጎተራው ምን ሆነ?"

እጄን ብቻ ዘረጋሁላት።

"ይሄ ለእኔ አስም ነው የታዘዘው። ተራራ የሚወጣ ሰው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ያድራል፣ ከባሰበት ይወርዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም?"

"የእኔ እንቁላል ቸኩሏል" አልኩና ፓፏን ኪሴ ከተትኩ።

ከወልድያ በጠዋት ተነስቼ፣ ያንን ሁሉ ዳገት በሚኒባስ ሽቅብ ወጥቼ ጋሸና ስደርስ፣ መሪጌታ ልሳኑ ከላሊበላ መጥተው ይጠብቁኛል። የቤተሰባችን ወዳጅ ናቸው፤ በአንደበታቸው ድንጋይ ያለዝባሉ። ወደ ፍላቂት ስንጓዝ አንዲት ትእዛዝ ብቻ ሰጡኝ።

"ስማ፤ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምን። እሺ እስኪሉን መቀመጥ የለም። ከተቀመጥክ ልመናችን ክብር አጣ ማለት ነው።"

"መቆምማ ለላስታ ልጅ!" አልኩ።

የአያ ሞላ ቤት ከመንገዱ በላይ፣ አፋፉ ላይ ነው። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት መሪጌታ ቅኔ እየነገሩኝ ይወጣሉ፤ እኔ "አሃ" ለማለት እንኳ ትንፋሽ እያጠራቀምኩ ነው። በየመታጠፊያው "ሽንቴ መጣ" እላለሁ፤ ከድንጋይ ካብ ጀርባ እገባለሁ፤ ፍሽሽ!

"ስኳር አለብህ እንዴ?" አሉኝ መሪጌታ አዝነው።

ጋሸና ላይ የጀመረኝ ራስ ምታት ግን ንቅንቅ አላለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል? ፓፏ ያተረፈችልኝ ነገር ቢኖር የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ ድለቃ ብቻ ነው።

አያ ሞላ ቤት ገብተን ቆምን። መሪጌታ ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። ኖኅ ዘንድ ሲደርሱ ቤቱ ዞረብኝ። አብርሃም ዘንድ ሲደርሱ ጋቢዬን ተከናንቤ ፍሽሽ! አልኩ። ይስሐቅ ርብቃን ሳያገባ እኔ መደቡ ላይ… ዘፍ!

ከመጋረጃው ወዲያ የልጅቷ እናት ወይዘሮ የሺ ጮኹ።

"ኧረ በማርያም! ትንባሆ ነው የሚስበው!"

"ትንባሆ አይደለም፣ መድኃኒት ነው!" አልኩ።

"የምን መድኃኒት?" አሉ አያ ሞላ።

"የ… ሳንባ።"

"አሃ! የሳንባ በሽታ በዘራችሁ አለ?"

አያችሁልኝ? ትንባሆ ቢሆን ንስሐ ይገባበታል። ዘር ግን ምን ይደረጋል!

"የለም፣ የለም! መድኃኒቱ የባለቤቴ ነው!"

"ታዲያ በሚስትዎ መድኃኒት እርስዎ ምን ቤት ነዎት?"

መልሴን ሳይጠብቁ "ከተቀመጡስ አይቀር፣ ይጠጡ" ብለው ጠላ ሰጡኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ግማሹ ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ።

"ለካስ መጠጡም አለ!" አሉ ወይዘሮ የሺ።

አጫሽ፣ ሳንባ በሽተኛ፣ ሰካራም! መላኩ ድሬዳዋ ላይ ስልኩን አቅፎ ይጠብቃል፤ እኔ እዚህ ትዳሩን አፈርሳለሁ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ… ለእኔ ይሁን በእኔ ላይ አላወቅኩም። ሌላ ማምለጫ ሳጣ እውነቱን ተናገርኩ።

"አያ ሞላ፣ ከፍታው ነው! ላሊበላ ተወልጄ፣ ቆላ ከርሜ፣ የአገሬ ዳገት አቃተኝ!"

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም።

"እንግዲያ ትንባሆው ይሻል ነበር" አሉ ቀስ ብለው።

"ምነው?"

"የላሊበላ ሰው ቆላ ወርዶ እንዲህ ከሆነ፣ የእኔ ልጅስ? ነገ ልትጠይቀኝ መጥታ ይሄ ዳገት ቢያቅታትስ? ከታች ከመንገዱ እጇን አውለብልባልኝ ልትመለስ ነው? እኔ እንደሁ እያረጀሁ ነው፤ ወርጄ አልቀበላት…"

ድምፃቸው ተሰበረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የእኔ ጭንቀት ስለ ሳንባዬ ስም ነበር፤ የሰውየው ጭንቀት ግን ስለ ልጃቸው ነው። አፈርኩ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ።

"አያ ሞላ፣ ለዚህ ነገር ዋስ አለ።"

"ማን ነው ዋሱ?"

"ይኸው፣ የተቀመጠው! በየዓመቱ ለገና ልጅዎን ይዞ ይመጣል። ይህንን ዳገት ከእሷ ጋር በእግሩ ይወጣል። እሱ ከወጣው እሷ መቼ ያቅታታል?"

አያ ሞላ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ጺማቸው ሥር ፈገግታ የመሰለ ነገር አለፈ።

"መያዣስ?"

መሪጌታ ሳይጠይቁኝ ጋቢዬ ውስጥ እጃቸውን ሰደው ፓፏን አወጡና ሰጧቸው! አያ ሞላ አገላብጠው አዩዋት፣ ነቀነቋት፣ በጨርቅ ቋጥረው የበቅሏቸው ልጓም ከተሰቀለበት ኩላብ ላይ ሰቀሏት። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞረው አንዲት ቃል ተናገሩ።

"ይቀመጡ።"

ሰካራም ያለኝ የወይዘሮ የሺ አፍ እልልታውን አቀለጠው።

ወልድያ ስወርድ ራስ ምታቴ ለቀቀኝ። ያውም ምንም ሳልስብ!

"ፓፌስ?" አለች ብርቱካን ድሬዳዋ ስገባ፣ ገና ከበር።

"ፍላቂት… በመያዣ ተይዛለች።"

ነገሩን ስነግራት እየሳቀች ሌላዋን ፓፍ ፍለጋ ሮጠች። ትንፋሿ ሲመለስ፣ "አቦ! ለከፍታ ያልሆነው ለጋብቻ ሆነ!" አለችኝ።

ሠርጉ አልፎ ዘውድነሽ ጎረቤታችን ሆናለች። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ አናት ሲበሳ፣ ሁላችንም ዛፉ ሥር ተቀምጠናል። ጎረቤቶቻችን ሲያማርሩ ራሴን ረሳሁና ጀመርኩ።

"እኛ ደገኞች እኮ ሳንባችን…"

ብርቱካን ፓፏን አወጣች። ነቅነቅ… ፍሽሽ!

ዘውድነሽ ጠጋ አለችኝ። ፊቷ በርቷል።

"ጋሼ፣ አባባ ደውለው ነበር። 'ዋሱን ሰላም በይልኝ፤ ለገና ስንት ቀረው?' ይሉዎታል።"

ትንፋሽ አጠረኝ። ያውም ድሬዳዋ ላይ!