ቀበሌያችን ባለካባውን ያዳነበት ስብሰባ

በዚያን ዘመን የሚነበብ ነገር አልጠፋም፤ የጠፋው የሚያስነብብ ነገር ነበር። ግድግዳው ይነበባል፣ አጥሩ ይነበባል፣ የቀበሌው በር ላይ የተለጠፈው ይነበባል። አሰላ ውስጥ ዓይኑን ከፍቶ ከቤቱ የወጣ ሰው ሳይነቃ የሚመለስበት መንገድ አልነበረም። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ሰው ግድ እየተባለ ሲነቃ ዓይኑ ሌላ ነገር ይለምናል፤ ቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ ቀለም ያልተጻፈ ማንኛውንም ነገር።

የእኔ ዓይን የለመነውን ያገኘው ከአንድ የፋኖስ ካርቶን ውስጥ ነው። ያኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። የውጭ አገር የእርሻ ባለሙያዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ የቤት ዕቃቸውን ሸጡ፤ የከተማው ሰው በአልጋና በቁም ሣጥን ሲሻማ እኔ እንደ ልማዴ ዘግይቼ ደረስኩና አንድ ፋኖስ ተረፈልኝ። ፋኖሱ እንዳይሰበር ዙሪያውን በባለሥዕል መጽሔቶች ተጠቅጥቋል። ቤት ወስጄ ብለኩሰው አልሠራም። ግድም አልሰጠኝ፤ መጽሔቶቹን ማንበብ ጀምሬ ነበር።

መጽሔቶቹ የሚተርኩት ስለ አንድ ሰዓት ሠሪ ነው። ቀን ቀን አቀርቅሮ የሰው ሰዓት ይፈታታል፤ ሲመሽ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ፣ ሰማያዊ ካባውን ደርቦ፣ ከከተማው በላይ እየበረረ የተጠቃውን ያድናል። የእንግሊዝኛ ስሙ ለአፍ ስለማይመች እኔ ባለካባው አልኩት። የልጅ ጨዋታ ነው ካላችሁኝ አልቀየማችሁም፤ ሥዕሉን አላያችሁትማ። ሠዓሊው ዝናብ ሲስል እኔ ጋቢዬን እሰበስብ ነበር። አንዲት ቃል የሌለበት ገጽ አለ፤ ባለካባው ሊያድነው ያልቻለው ሰው ቤት ሄዶ ያንኳኳል፣ ሚስትየዋ በሩን ከፍታ ታየዋለች፣ በቃ። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል። ጸሐፊውም ከሠዓሊው አያንስም። ክፉው ሰውዬ እንዲያው በደፈናው ክፉ አይደለም፤ ምክንያት አለው፣ አንዳንዴም «እውነቱን እኮ ነው» የሚያሰኝ። ባለካባው ደግሞ ይሳሳታል፣ ይፈራል፣ ተሳስቶም እንቅልፍ ያጣል። በቀበሌያችን የውይይት ክበብ በምናጠናቸው ጽሑፎች ውስጥ ግን የሚሳሳተው ጠላት ብቻ ነበር፤ እሱም ገጹ ሳያልቅ ይደመሰሳል። እንቅልፍ የማያጣው አንባቢው ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ፍተሻ መጣ። ከፊት የሚመራው ጓድ ታምሩ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦልን የመጣ ካድሬ፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር፣ የአሰላ ብርድ ያልለቀቀው ወጣት። የሚፈልገው የጦር መሣሪያ ነበር፤ ያገኘው ካርቶኑን ነው። መጽሔቶቹን ማገላበጥ ጀመረ፣ ለፍተሻ ከሚያስፈልገው በላይም አገላበጠ። ከዚያ ይህ ሰው ማን ነው አለኝ። ልብ ወለድ ነው አልኩት።

«ስሙን ደብቋል፣ ፊቱን ሸፍኗል፣ የሚንቀሳቀሰው በጨለማ ነው» አለኝ። «ይህ የኅቡዕ ሥራ ነው፣ ጓድ መምህር።»

ዛሬ መሳቅ ትችላላችሁ። ያኔ ከዚህ ባነሰ ነገር ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ስለማውቅ እኔ አልሳቅኩም። ሰው እኮ አይበርም ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። ጥቂት አሰበበትና፣ እሱም ገና ይጣራል አለኝ።

ማጣራት ማለት በኛ ቀበሌ መወያየት ማለት ነው። ማንኛውም ጉዳይ፣ የጠፋ ዶሮም ቢሆን፣ ለሰፊው ሕዝብ ውይይት ሳይቀርብ አይወሰንም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በክበቡ ፊት ቆሜ መጽሔቶቹን ገጽ በገጽ እንድተረጉም፣ ሕዝቡም የባለካባውን የመደብ አቋም እንዲመረምር ተወሰነ። እሱ ፀረ አብዮት ሆኖ ከተገኘ እኔም ነኝ። እሱ ነጻ ከወጣ እኔም እወጣለሁ። ዕጣ ፈንታዬ በዚህ ዓይነት በአንድ ጭምብል ለባሽ ትከሻ ላይ ወደቀ።

አዳራሻችን የድሮ ባላባት የገብስ መጋዘን ነበር። ስብሰባ ያልመጣ ሰው የቀበሌ ስኳር ስለሚከለከል ሁሉም ይመጣል፤ መጥቶ ይተኛል። በመተኛት የሚቀድመን ባለጋሪው ኦቦ ቱሳ ነበሩ፤ «ጓዶች» የሚለው ቃል ሲጀመር ራሳቸው ጋቢያቸው ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ቅዳሜ መጽሔቱን ከፍ አድርጌ እያሳየሁ ተረጎምኩ። ቃል የሌለበት ገጽ ላይ ስደርስ የምተረጉመው አጣሁና ገጹን ወደ ሕዝቡ አዙሬ ቆምኩ። ኦቦ ቱሳ ከጋቢያቸው ብቅ አሉ።

«ማሎ፣ እባክህ መምህር፣ ሴትዮዋ ምን አለችው?»

ምንም አላለችም አልኳቸው።

«ዱጋ ነው» አሉ፣ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «ምን ትለዋለች።»

ያን ቀን ማንም አልተኛም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አግዳሚ ወንበር ጠፋ። ከሳጉሬ እህል ይዘው የመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ የቀበሌያችን ነዋሪ ነን እያሉ ይገቡ ጀመር። የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ ወይዘሮ የሺመቤት ባለካባው የሚያገባት ሴት ከየትኛው መደብ እንደምትሆን አስቀድሞ እንዲነገራቸው አጥብቀው ጠየቁ። ጓድ ታምሩ በየገጹ መጨረሻ ተነስቶ «እዚህ ላይ ግለኝነት ታይቷል» ይላል፤ ግን በጥድፊያ ነው የሚለው፣ ቀጣዩ ገጽ እንዲገለጥ። የተሰብሳቢው ብዛት ለበላይ አካል ሲደርስ የኛ ቀበሌ በንቃቱ ተመሰገነ፤ ጓድ ታምሩም ተመሰገነ። ከኢተያ እስከ አቦምሳ ካሉ ቀበሌዎች ልምድ የሚቀስሙ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። የእኔም ጉዳይ ውሳኔ በእነሱ ፊት እንዲሰጥ ሆነ።

መጽሔቶቹ ያለቁት ይሄን ጊዜ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ባለካባው ካባው ተቀዶ ከድልድይ ይወድቃል፤ ፊቱ ወደ እኛ ወደ ላይ ያያል። ከሥሩ «ይቀጥላል» ይላል። የሚቀጥለው ግን አሰላ አይደለም። ይህን ለጓድ ታምሩ ስነግረው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

የቀበሌው ኮሚቴ እኔንም ጠርቶ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ፤ አጀንዳው አንድ ነው፣ ባለካባው እንዴት ይትረፍ። ራሱን ካዳነ ግለኝነት ነው። ከሞተ ተስፋ መቁረጥ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ከወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አንሶላ ወጥረው ይቀበሉት አሉ፤ አንሶላው የማን ንብረት ነው የሚል ጥያቄ ተነስቶ ብዙ አከራከረ። በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ የተወሰነው ይህ ነው፦ ከድልድዩ ሥር በአጋጣሚ ስብሰባ ላይ የነበሩ የተደራጁ ሠራተኞች ይቀልቡታል፤ እሱም ጭምብሉን አውልቆ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ በሰዓት ሠሪዎች ማኅበርም ይታቀፋል። መቼም ከዚያ ከፍታ ወርዶ ስብሰባ መሀል ከመውደቅ ወንዙ ሳይሻለው አይቀርም ነበር፤ ግን ነገሩ የአንገቴ ጉዳይ ስለሆነ እኔም እጄን አወጣሁ።

እንግዶቹ በመጡ ዕለት የኮሚቴውን ፍጻሜ አነበብኩ። የማሳየው ሥዕል አልነበረኝም። ግለ ሂሱ ላይ ስደርስ ኦቦ ቱሳ ጋቢያቸው ውስጥ ገቡ። ቀጥሎ ከኋላቸው ያለው ረድፍ አዘነበለ። ቀጥሎ ፍጻሜውን በድምፃቸው ያጸደቁት ወይዘሮ የሺመቤት። ከእንግዶቹ አንዱ ማንኮራፋት ሲጀምር ጓድ ታምሩ በጭብጨባ ቀሰቀሳቸው፤ አጨበጨቡ። እኔና ባለካባው ታርመናል ተባልንና አንድ ላይ ነጻ ወጣን።

የዚያኑ ዕለት፣ ፀሐይ የጭላሎን ተራራ አናት ብቻ ስታበራ፣ ጓድ ታምሩ ካርቶኑን ተሸክሞ ቤቴ መጣ። ጉዳዩ ተዘግቷል ብሎ አስረከበኝ። ግን አልሄደም። በሩን ራሱ ዘጋና ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በእርሳስ ተስሏል።

ሥዕሉ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጥፎ ነበር። ድልድዩ የወደቀ መሰላል ይመስላል። ባለካባው አንገት የለውም። ግን የተቀደደውን ካባ በአንድ እጁ ጨብጦ ከወንዙ በላይ ይበራል፤ ከሥሩ ማኅበር የለ፣ ስብሰባ የለ፣ የሚቀልበው ሰው የለ። ብቻውን ነው የሚበረው።

«ሂስ ካለህ ስጠኝ» አለኝ ጓድ ታምሩ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አንገት ጨምርለት» አልኩት።

«ሌላስ?»

ሌላ የለም አልኩትና ጠረጴዛዬ ላይ ካሉት እርሳሶች በደንብ የተቀረጸውን መርጬ ሰጠሁት።