ጉንጭ የበላው ብርሃን

ሰው አገር ለሥራ ሄዶ ለራሱ ብሎ ፎቶ የሚነሳ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም። ቢያንስ ዶሃ ውስጥ አላየሁም። እኛ ፎቶ የምንነሳው ለእናቶቻችን ነው። እናቶቻችን ደግሞ ፎቶ የሚያዩበት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ከጀርባ የቆመውን ፎቅ አያዩትም፤ ከጓደኛ የተዋሳችሁትን መነጽር አያዩትም፤ ፈገግታችሁንም ቢሆን ለእኔ ብሎ ነው ብለው ያልፉታል። በቀጥታ የሚሄዱት ወደ ጉንጭ ነው። ጉንጭ ሞልቶ ከታየ ልጅ ደህና ነው። ጎድጎድ ካለ ግን ልጅ ወይ ታሟል፣ ወይ ተርቧል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። ይህን ሕግ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። እኔም እናት አለችኝ። ጥበብ የሚባል ነገር ሲይዘኝ ጊዜ ረሳሁት እንጂ።

ጥበቡ እንዴት እንደያዘኝ ልንገራችሁ። ዘ ፐርል በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ሴኩሪቲ ይላል፤ ለእናቴ ግን የገባት ዘበኛ ሲባል ነው። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ቦታ የሚቆም ሰው ወይ ይነጫነጫል ወይ ብርሃን ማየት ይማራል። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ መስታወት ላይ ነጥራ እኛ በር ላይ ታርፋለች። ያን ጊዜ አብሮኝ የሚቆመው ኔፓላዊ፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ያጣ የሚመስለው ሰውዬ፣ ድንገት የመሳፍንት ዘር ይመስላል። መስታወቱ የሀብታሞቹ ነው፤ ብርሃኑ የሚያርፈው ግን እኛ ፊት ላይ ነው። እስካሁን ኪራይ የጠየቀን የለም።

ከዚያ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፊሊፒናዊ ያገለገለ ካሜራውን ከአንዲት ሌንስ ጋር ሸጠልኝ። ፍላሹ አይሠራም ነበር። እኔ ይህን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጥሪ ቆጠርኩት። ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ አገኘሁና ማስታወሻ ደብተር ገዝቼ ተማሪ ሆንኩ። ሰውየው ውድ ዕቃ አያስፈልግም ባይ ነው። በቀትር ፀሐይ ሰው አታንሱ፣ ዓይን ሥር ጉድጓድ ይሠራል አለ፤ ጻፍኩ። የምታነሱትን ሰው በር አፍ ላይ አቁሙት፣ ጥላው ውስጥ ሆኖ ብርሃኑ ከጎን ይምጣለት አለ፤ ጻፍኩ። ፊቱን አዙሩት፣ ወደ ካሜራው ያለው ጉንጭ ይጨልም፣ በዚያ በኩል ደግሞ ጥቁር ጨርቅ ያዙበት፣ ያን ጊዜ ፊት ይቀጥናል፣ አጥንት ይወጣል አለ። ይህንንም ጻፍኩ፣ እንዲያውም ከሥሩ አሰመርኩበት። አጥንት ይወጣል የሚለውን ቃል አንድ ሐበሻ እንዴት በደስታ ያሰምርበታል? እኔ አሰመርኩበት።

ሂሩትን የማውቃት ከቤተ ክርስቲያን ነው። እዚህ ቅዳሴው ዓርብ ነው፤ እሷም ሰው ቤት ስለምትሠራ ማዳሟ የምትለቃት በወር አንድ ዓርብ ብቻ ነው። ቀይ፣ ሳቂታ፣ ድንቡሽቡሽ ያለች ልጅ ናት። እናቷ እማማ ጥሩነሽ ደብረ ታቦር ሆነው መልክሽ ጠፋኝ እያሉ ሲያስቸግሯት ጊዜ፣ ጋሼ እስቲ አንድ ደህና ፎቶ አንሳኝ አለችኝ። ደህና የምትለዋን ቃል እኔ በራሴ መንገድ ተረጎምኳት።

ናጅማ ሰፈር ውስጥ ስድስት ሆነን በምንኖርበት ክፍል ከእኔ በላይ ያለው አልጋ የደጀኔ ነው። ደጀኔ ሹፌር ነው። ሂሩት በተለቀቀችበት ዓርብ መኪናውን አስፈቅዶ ከዶሃ ወጣ ወዳለችው አል ዋክራ ወሰደን። ያኔ የምድር ውስጥ ባቡሩ መንገድ ገና እየተቆፈረ ስለነበር ከተማው በሙሉ ማዞሪያ ሆኖ፣ ግማሽ ቀናችንን መንገድ ላይ ጨረስነው። ስንደርስ ግን ባሕሩ ዳር ባለው በጥንቱ አሠራር በተሠራው ገበያ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ጥልቅ የሆነ ቦታ አገኘሁ። ህንዳዊው መምህሬ ቢያየው ይስመው ነበር።

ሂሩት ከላይ የደረበችውን አባያ አውልቃ በነጠላዋ በሩ ላይ ቆመች። ደጀኔ ልጅቱ እንዳይሞቃት አስቦ፣ ከመኪናው መስታወት ሥር የሚዘረጋውን ብርማ የፀሐይ መከላከያ ይዞ መጣና አጠገቧ ቆመ። ወዲያው ብርሃኑ ተመልሶ ፊቷን ሞላው፤ ጉንጯ እንደ ኮክ በራ። እኔ ምን አልኩ? ጥላዬን አበላሸህብኝ ብዬ አባረርኩት። በምትኩ የራሷን ጥቁር አባያ አስያዝኩትና ግራ ጉንጯ አጠገብ እንዲዘረጋው አዘዝኩ። እሷንም አትሳቂ፣ ባሕሩን እያየሽ ዝም በይ አልኳት። ዝም ብላ የማታውቅ ልጅ ዝም ስትል የዓለም ሐዘን በሙሉ ፊቷ ላይ ሰፈረ። ያን ጊዜ ነው የካሜራውን ቁልፍ የተጫንኩት።

ደጀኔ የካሜራውን ስክሪን አየና ግማሽ ፊቷ የት ሄደ ብሎ ጠየቀኝ። ጥልቀት ይባላል አልኩት። ጥልቀቱ የግድ ጉንጯ ላይ መሆን ነበረበት ወይ አለኝ። የሹፌር አስተያየት ነው ብዬ ናቅኩት። ሂሩት ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችውና፣ ጋሼ፣ ይቺ እኔ ነኝ እንዴ አለች። ይህንን እንደ አድናቆት ወሰድኩት። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ደወለች። ታለቅስ ነበር። እህቷ ፎቶውን በስልክ ከፍታ ለእናቷ ስታሳያቸው፣ እማማ ጥሩነሽ በጣታቸው ስክሪኑን ዳበስ ዳበስ አድርገው ልጄን በሏት ብለው ጮኹ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ጎረቤቱም አይቶ፣ አዎ አልቃለች ብሎ መሰከረ። ሥራው ይቅርብሽ፣ ባስቸኳይ ነይልኝ፣ እስክትመጪ እህል አልቀምስም ብለዋል። ሂሩት ኮንትራቷ ሊያልቅ ስምንት ወር ቀርቷታል። አቋርጣ ከሄደች ተመልሳ መምጣት የለም፤ በምትልከው ገንዘብ ነርስነት የምትማረው እህቷም ትምህርቱን ታቆማለች። ለዚህ ሁሉ ያበቃት የኔ ጥላ ነው። አፈርኩ፤ ካሜራውን ከአልጋዬ ሥር ከጫማ ጋር ደበቅኩት።

ጥፋቴን ላርም ብዬ ራሴ ደብረ ታቦር ደወልኩ። ራሴን አስተዋውቄ ለእማማ ጥሩነሽ ስለ ብርሃን አቅጣጫ ማስረዳት ጀመርኩ። ልጅዎ አልከሳችም፣ ብርሃኑ ከጎን ስለመጣ ነው፣ አንዱ ጉንጭ ሲጨልም ፊት ይቀጥናል እያልኩ ደብተሬን እያገላበጥኩ አብራራሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ በርኅራኄ ድምፅ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ አንተ ራስህ ትበላለህ?»

እበላለሁ ብዬ ተሰናበትኩ።

ሂሩት ሌላ መንገድ ስታጣ ወደ አገር ቤት ለመሄድ ማዳሟን ልታስፈቅድ ገባች። ማዳም ምክንያቱን ጠየቀች፤ ሂሩት ፎቶውን አሳየቻት። ማዳም ፎቶውን አየች፣ ሂሩትን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። ከዚያ ተቆጣች፤ በእኔ። ይህን ያነሳው ሰው ጤነኛ ነው ወይ ብላለች አሉ። ሂሩት እንደነገረችኝ ቃሏ ይህ ነበር፦

«እኔ ቤት ሰው ይራባል? ኸላስ፣ በቃ፣ እዚህ ተቀመጪ። ያላ፣ በይ ሳቂ።»

ማዳም ያነሳችውን ፎቶ በኋላ አይቼዋለሁ። ህንዳዊው መምህሬ አታድርጉ ያለው ነገር አንድም አልቀረም። ፍላሹ ግንባር ላይ ፈንድቷል። ስልኩ በጣም ከመጠጋቱ የተነሳ ጉንጮቿ ከጆሮዎቿ ቀድመው መጥተዋል። ዓይኗ ቀልቷል። ከፊቷ የሩዝ ተራራ ተከምሯል፣ ላዩ ላይ ዶሮ ተጋድሟል። ከጀርባዋ ፍሪጁ ተከፍቷል፤ ማዳም ሆን ብላ ነው ያስከፈተችው፣ እስከ እንቁላሉ ድረስ ይቆጠራል። ሂሩትም በማዳሟ ሁኔታ ሳቋ ስላመለጣት ድዷ ሳይቀር ይታያል።

ደብረ ታቦር እልልታ ሆነ። እማማ ጥሩነሽ ፎቶውን ስመው፣ ይኸው ልጄ፣ እንዲህ ነው እንጂ ፎቶ አሉ። እህል ቀመሱ። ጎረቤቱም እንደገና ተሰብስቦ እንደገና መሰከረ። ስምንት ወርሽን ጨርሰሽ ነይ፣ ሴትዮዋንም እግዜር ይስጥልኝ በያት ተባለ። ደስ አለኝ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። ትንሽ ደግሞ ከፋኝ። በአባያና በበር አፍ የደከመ ሰው በተከፈተ ፍሪጅ ሲሸነፍ አይከፋውም?

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ከእረፍት የተመለሰች ልጅ ለሂሩት በርበሬና ሽሮ ይዛላት መጣች። ከዕቃው መሐል በፌስታል ተጠቅልላ የታሰረች ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበረች። የሂሩት አልነበረችም፤ የኔ ናት። ሂሩት ሳቋን ለመያዝ እየታገለች መልእክቱን አደረሰችኝ፦

«ጋሼ፣ ጸበል ነው። እማዬ ዓይኑን ይታጠብበት ብላሃለች። ሰው ሁሉ ከስቶ ነው የሚታየው አለች።»

ታጠብኩበት። በእምነት፣ ሦስት ቀን፣ በባዶ ሆዴ። ካሜራውንም ከአልጋ ሥር አወጣሁት። እናንተም ብትፈልጉ መጥታችሁ እዩ፤ ከዚያ ወዲህ ያነሳሁት ሰው ሁሉ ጉንጩ ሞልቶ፣ ወዙ ተርፎ፣ እናቱን የሚያኮራ ሆኖ ነው የሚወጣው። ለእማማ ጥሩነሽም ደውዬ ዓይኔ እንደተፈወሰ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለምስክርነት ተናገረው ብለውኛል። አሁን ሰው ሳነሳ ደጀኔን ከነብርማው የፀሐይ መከላከያ ፊት ለፊት እንደማቆመው ግን አልነገርኳቸውም።