ራዲያተሩን ከኋላ ያሰርኩ ዕለት

ትናንት ቀትር ላይ ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ይላሉ፤ ቢኖረውም ከማንም አልለምንም።

በረሃው ዳር፣ ሎጊያ ከተማ ያለው ጋራዤ ውስጥ ጥላ ፈልጌ ጋደም ብዬ ነበር። መኪናዬ ጎህ ሲቀድ ወጥታለች። መኪናዬ የምለው አፌን ሞልቼ ነው፤ በተጣለ የወታደር ጂፕ ላይ የጭነት መኪና ሞተር ገጥሜ በእጄ የሠራኋት ናት። ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ አየሁ፣ እየገጠምኩ ገባኝ። ከአሸዋው ማዶ የምታስተምረው እህቴ የውብዳር የመውለጃ ቀኗ ደርሷል፤ ሌላ መኪና እዚያ አይዘልቅም። አብሮ አደጌ ሁመድ ሊያመጣት ነድቶ ሄዷል።

ከሁመድ ጋር የተጣላነው የሞተሩን ውሃ በሚያቀዘቅዘው በራዲያተሩ ነው። ከፊት ከሆነ ጠጠርና እሾህ ይበሳዋል ብዬ ከኋላ፣ ጭነቱ ቦታ ላይ፣ ንፋስ የሚሰጠው ትልቅ ቬንትሌተር አስደግፌ አሰርኩት።

«ኧረ ዝናሽ፣ በዚህ አገር ከኋላ ባዶ ቦታ የሚያይ ሰው ዝም አይልም፤ ይጭንበታል» አለኝ።

«አንተ መሪህን ያዝ፤ ራዲያተሩን ለእኔ ተው!» አልኩት። ተወው። እኔም ተኛሁ።

በሕልሜ ጋራዡ ተገልብጧል። መኪኖቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሰዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ዝገዋል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ እግሮቹ ተፈትተው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «ዕቃ ጠፍቶ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። «ከአዲስ አበባ ይመጣል ካሉኝ ቆየ።»

ጂፔ ቱታዬን ለብሳ መጣችና በክሪክ አነሣችኝ።

«ዘይት ታንጠባጥቢያለሽ» አለችኝ።

«እንባ ነው።»

«ያው ነው» አለች። ደረቴን እንደ መኪና ኮፈን ከፍታ በዱላ ደገፈችው። ልቤን ከነብሎኑ አወጣችና እፍ ብላ አቧራውን አራገፈችለት። «አሁን ይሄን የት ነው የምንገጥመው?»

መኪኖቹ ሻያቸውን አስቀምጠው ከበቡን። አንድ አዛውንት የውሃ ቦቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከፊት ነው እንጂ። ከጥንትም ከፊት ነው።»

«ከፊት ከሆነ የሰው ቃል ይበሳዋል» አለች ጂፔ።

«እንግዲያ ከኋላ።»

«ከኋላስ ማን ንፋስ ይሰጠዋል? ይቺ እንደሆነች ዞራ አታይም።»

«አፏ ላይ ግጠሙላት!» አለች አንዲት ባጃጅ። «እዚያ ንፋስ አይቋረጥም።» ሁሉም ጡሩምባቸውን እየነፉ ሳቁ።

«እኔ ነኝ የሠራሁሽ!» ብዬ ጂፔ ላይ ጮኽኩ።

«ስትሠሪኝ ማንን ጠይቀሽ ነበር?» አለችና ልቤን ከኋላ፣ ከትከሻዬ በታች፣ አሰረችው። ብሎኑን ስታጠብቅ ጥርሴ ተንገጫገጨ።

ወዲያው ራሴን ኬላ ላይ አገኘሁት። በረሃው ተነሥቶ በከተማው መሐል እየሄደ ነበር፤ ቤቶቹ ጥግ ይዘው ያሳልፉታል። ግመሎች ገመድ ወጥረው ሰው ይፈትሻሉ። ሁመድ ፍሪጅ ተጭኖ በእጁም በእግሩም እየዳኸ ደረሰ።

«ትርፍ ጭነሃል» አለው ግመሉ።

«አይ ጌታው፣ የእኔ አይደለም። አደራ ነው።»

«አደራ ከሆነማ ይጨመር» አለና ሌላ ፍሪጅ ደረበበት።

ከዚያ ኬላው ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጀርባዬን አይተው ባዶ ቦታ አገኙ። አንዷ ቋጠሮ፣ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ የበር መዝጊያ ልቤ ላይ አስደገፉ። «ይቺን ብቻ፣ የኔ እህት፤ አትከብድሽም።» መናገር ፈለግሁ፤ ያ ንፋስ የማይቋረጥበት አፌ አልከፈት አለ። ልቤ ይፈላ ጀመር። ሲንተከተክ ለራሴ ይሰማኛል።

የውብዳር በአሸዋው ላይ መጣች። የምትነዳው እሷ አልነበረችም፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ መሪ ይዞ ይነዳታል።

«ግቢ፤ ቀንሽ ደርሷል» አለኝ ልጁ በሽማግሌ ድምፅ። «ልንወስድሽ ነው የመጣነው።»

የውብዳር እጇን ወደ ጀርባዬ ዘረጋች። «ውይ፣ ተቃጥለሻል እኮ!» ብላ የልቤን ክዳን ያዘች።

አፌ ያኔ ተከፈተ። «በትኩሱ አትክፈቺው! ይፋጅሻል!»

«ትንሽ ውሃ ላድርግልሽ ብዬ ነው፣ እህት ዓለም» አለችና አዞረችው።

የወጣው እንፋሎት አልነበረም፤ ጩኸት ነበር። ስልኬ ነው። በላብ ተጠምቄ አነሣሁት።

«ዝናሽ» አለኝ ሁመድ፤ «ኔትወርክ ያገኘሁት መኪናዋ አጠገብ ያለች ጉብታ ላይ ወጥቼ ነው። እየተመለስን ነበር፤ አሸዋው መሐል ቆመናል። መኪናዋ ፈላች።»

«የውብዳርስ?»

«ከኋላ ወንበር ላይ ናት። ምጥ ይዟታል።»

«ምን ጭነህ ነው?»

«ምንም። የሰፈሩ ሰው አደራ ብሎ… ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ ሁለት ፍየል። ራዲያተሩን አስደግፈው አሰሩት። ለአራሷ ነው ሲሉኝ ምን ብዬ እምቢ ልበል?»

«አውርደው! አሁኑኑ አውርደው!»

«አውርጃለሁ። የራዲያተሩ ውሃ ግን ተኖ አለቀ። የቀረችኝ አንዲት ጀሪካን ውሃ ናት።»

ከወዲያ የእህቴ ድምፅ መጣ። ስሜን የምትጠራ መስሎኝ ነበር፤ ውሃ ነው የምትለው።

ሁመድ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ራዲያተሩን ለእኔ ተው ብለሽኝ ነበር» አለ። «ይኸው ተውኩልሽ። ንገሪኝ፤ ጀሪካኗን ለማን ልስጥ?»