ሶኬቱን ሳልነቅል ሽማግሌ ገባብኝ

እናንተዬ! የዛሬውን ውርደቴን ለማንም ትንፍሽ አልልም ብዬ ምዬ ነበር።

ይኸው ለሁላችሁም እየለጠፍኩት ነው። ምን ላድርግ፣ ሆዴ አልችል አለ!

ቁጭ በሉ። ሳቁም፣ ፈቅጃለሁ። እኔ ራሴ ከቀትር ጀምሮ ስስቅ ውዬ ጎኔን አሞኛል።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳችሁ። ሀብታሙን ታውቁታላችሁ አይደል? ፎቶው ሥር «ወንድምሽ ነው?» እያላችሁ የምታደርቁኝ ልጅ። ወንድሜ አይደለም! ራቅ ብሎ ወገዳ ከተማ አስተማሪ ነው፣ ሊያገባኝ ይፈልጋል፣ እኔም እሱን ካልኩ ቆይቻለሁ።

ግን አባዬ አሉ።

አባዬ ማለት እዚህ ንፋስ መውጫ ሽማግሌ ሆነው ያልተጠሩበት ጉዳይ የሌለ ሰው ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ እሳቸው፣ ጎረቤት አጥር ሲገፋ እሳቸው፣ ልጅ ሲታጭ እሳቸው። የሰውን ልጅ ሁሉ ሲያስድሩ ኖረው የራሳቸው ልጅ ተራ ሲደርስ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ልጅቱ ገና ናት።»

ገና! እኔ እኮ ነርስ ነኝ! አብረውኝ የተማሩት ልጆቻቸውን እኔው ጋ ነው የሚያስከትቡት!

እንዲህ ብለው ባለፈው የሀብታሙን ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ሸኟቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ የኔታ ፈንታ ናቸው። እዚሁ አገራችን ቤተ ልሔም ገዳም ገብተው የድጓን ዜማ ያስመሰከሩ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን ክብራቸውን የሚወዱ አባት። ለሀብታሙ ቁርጡን ነግረውታል፦ «እሑድ አንዴ እንሞክራለን። አሁንም ከመለሰን ግን ሁለተኛ ደጁን አንረግጥም።»

እሑድ ማለት ዛሬ ነው።

ጾሙም ሊገባ ነው። ዛሬ ካልሆነ አለቀልኝ ማለት ነው። ሀብታሙ ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን በሜሴጅ አግሎታል፣ «ጸልዪ» ይለኛል።

እና እኔ በዚህ ቀን ምን አደረግኩ?

ድሪል ተዋስኩ።

አዎ፣ ድሪል! ግድግዳ የሚበሳው!

አትፍረዱብኝ፣ ምክንያት አለኝ። የሳሎናችን መጋረጃ በሚስማርና በሲባጎ ነው የተንጠለጠለው። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ላዩን ብቻ በሲሚንቶ ተለስኗል። ሚስማር በመታንበት ቁጥር ልስኑ ይረግፋል፣ መጋረጃውም ደስ ባለው ሰዓት ይወድቃል። የኔታ እየተናገሩ አናታቸው ላይ ቢወድቅስ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አዲስ መጋረጃ ከነብረቱ ገዛሁ፣ ድሪሉን ከጎረቤት አመጣሁ።

እማዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አየችውና «በሰንበት?» አለች።

«እማ፣ የሚሠራው እኮ መብራቱ ነው። የኔ መያዝ ብቻ ነው» አልኳት።

አማተበችብኝና ሄደች።

ደግሞ ዝም ብዬ ዘው አላልኩም! አንድ ፈረንጅ ስለ ድሪል አያያዝ የሚያስተምርበትን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። መነጽር አድርጉ አለ፣ አደረግኩ። የፀሐይ ነው እንጂ መነጽር መነጽር ነው። ጸጉራችሁን እሰሩ አለ፣ አሰርኩ። የሚንዘላዘል ልብስ አትልበሱ አለ፣ ነጠላዬን አውልቄ ጓዳ ሰቀልኩ። ከመብሳታችሁ በፊት ግድግዳው ውስጥ የመብራት ሽቦ እንዳይኖር አረጋግጡ አለ። እኛ ቤት ሽቦው የሚሄደው በግድግዳው ላይ ነው፣ ከበር ሆነሽ ትቆጥሪዋለሽ። እዚህ ላይ ፈረንጁን በለጥነው!

የመጀመሪያው ቀዳዳ ቅቤ የመብሳት ያህል ቀለለኝ። ኧረ እንዴት ደስ ይላል! እጄን አንዘፈዘፈኝ፣ አቧራው ፊቴን ሞላው፣ ግን በሳሁት! ከቀዳዳው ጋር ሰልፊ ተነሣሁ። «ወንድ ለምኔ?» ብዬ ልለጥፈው ነበር።

እንኳን አልለጠፍኩት። ወንድ የላከውን ሽማግሌ እየጠበቅኩ እኮ ነው!

ሁለተኛው ላይ ጣቴ ደከመ። ድሪሉ እጀታ ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። እሷን ከተጫናችኋት ጣታችሁን ብታነሡም ድሪሉ መዞሩን አይተውም። ተጫንኳት። ምን ዓይነት ብልህ ሰው ነው ይቺን ያሰበ አልኩ።

ጥርርርርር… ጥርር… ጥ።

መብራት ሄደ።

የኛ መብራት ሲሄድ ደግሞ ቻው አይልም፣ ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ፈረንጁ ሁሉን ነገር አስተምሮኛል። በመሐል መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እሱ አገር አይጠፋማ!

ድሪሉን ከግድግዳው ነቅዬ ይዤ «አሁንስ?» እያልኩ ሳለ ውሻችን ጮኸ። በመስኮት ብቅ ብል ማንን ባይ ጥሩ ነው?

ሽማግሌዎቹን!

ከሰዓት ይመጣሉ ነበር የተባለው። የኔታ ግን ከቅዳሴ ሲወጡ አባዬንና እማዬን አጅበው ቀጥ ብለው ወደኛ ቤት። ዘዴ ነው! አባዬ ምክንያት ሳያዘጋጁ ሊይዟቸው ነው።

አሁን እኔን አስቡኝ። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቱ ጓዳ ናት። አትታይም፣ አትሰማም። እኔ ሳሎን መሐል ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ አቧራ ለብሼ፣ ድሪል ታጥቄ ቆሜያለሁ!

ድሪሉን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። አዲሱን መጋረጃ ከላይ ጣል አደረግኩበት። ተፈተለኩ ወደ ጓዳ።

ሶኬቱስ?

የምን ሶኬት! ነፍሴ ወጥታ ሶኬት ትሉኛላችሁ?

በጓዳው በር ስንጥቅ አጮልቄ አያለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆሙ። የኔታ ልክ ከሶፋው ፊት፣ ጀርባቸውን ለሶፋው ሰጥተው። ያ ወፍራም ጋቢያቸው ከኋላቸው ተንዘርፍፎ ጫፉ መጋረጃዬ ላይ አርፏል።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባዬ።

«መቀመጡ ይደርሳል» አሉ የኔታ።

ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ቆሞ ነው የሚለምነው። ከተቀመጠ ነገሩ አልቋል፣ ልጅቱ ተሰጥታለች ማለት ነው። አባዬ ደግሞ ለዚህ ሥርዓት ሟች ናቸው። ሰው ቤት ሲላኩ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ይቆማሉ እንጂ ወንበር አይነኩም። ለከተማው ወጣት ሽማግሌዎች ሁሉ «ሽማግሌ ከተቀመጠ ወዲያ ወደኋላ የለም» እያሉ የሚያስተምሩ እሳቸው ናቸው።

የኔታ ጀመሩ። «አያ ጌጡ፣ ልጅህን ለልጃችን ብለን ዳግም ከፊትህ ቆመናል። ልጁን ታውቀዋለህ፣ ዘሩን ታውቀዋለህ። አታሳፍረን።»

እማዬ ጣልቃ ገባች፣ ነፍሷን ይማርና… ኧረ በሕይወት አለች፣ ደስ ስላለችኝ ነው! «ልጄም እኮ ጭምት ናት» አለች። «ቤት ውስጥ መኖሯ እንኳ አይታወቅ፣ ድምፅዋ አይሰማ።»

አባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያንን ጉሮሮ መጥረግ አውቀዋለሁ።

«የኔታ፣ ቃልዎን አከብራለሁ። ግን ልጅቱ ገና ናት። እስቲ ጾሙ ይግባ፣ ይውጣ። ክረምቱም ይለፍ። መከሩንም ሰብስበን…»

መከር?! አባዬ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው! የቱን መከር ነው የምንሰበስበው?

 ሳቁን ተዉትና እውነቴን ነው፣ እዚያ ጓዳ የጤፍ ማዳበሪያ ላይ ተደግፌ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አለቀ አልኩ። ሀብታሙን ምን ብዬ ልንገረው?

የኔታም ተነፈሱ። መቋሚያቸውን አነሡ። «እንግዲያስ…» ብለው ሊሰናበቱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ውጭ የሰፈሩ ልጆች ጮኹ።

«መብራት መጣ!»

ጥርርርርርርርርርርርርር!!!

እናቴ ድረሽ! ድሪሉ ሶፋው ላይ ሆኖ አበደ! የሚበሳው ጫፉ፣ ፑንታው፣ መጋረጃውን ጠቅልሎ ጋቢው ላይ ደረሰ፣ የጋቢውንም ጫፍ ነክሶ መጠቅለል ጀመረ። የኔታ ወደ ፊት ይስባሉ፣ ድሪሉ ወደ ኋላ ይስባል። «በስመ አብ! በስመ አብ! ማን ነው የያዘኝ?»

ድሪሉ አሸነፈ። የኔታ ሶፋው ላይ ዱብ!

እኔ ጭምቷ፣ ድምፅዋ የማይሰማው፣ «ሶኬቱን! ሶኬቱን!» እያልኩ እየጮኽኩ ከጓዳ ተወርውሬ ወጣሁ። አንዱን ሽማግሌ ገፈተርኩ መሰለኝ። ሶፋው ሥር በደረቴ ተሳብኩና ሶኬቱን መንጭቄ ነቀልኩት።

ጸጥ።

ቀና ስል ሁሉም ያየኛል። ፊቴ በአቧራ ነጭ ሆኗል፣ እንባዬ በአቧራው ላይ መንገድ አውጥቷል፣ ጥቁሩ መነጽር ግንባሬ ላይ ተሰቅሏል።

እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ወዲያው ነርስነቴ ትዝ አለኝና ወደ የኔታ ዘልዬ እጃቸውን፣ ጎናቸውን፣ አንገታቸውን አየሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳው የጋቢው ጫፍ ብቻ ነው። አባዬ በድንጋጤ ላብ አጥምቋቸዋል። እጃቸውን ዘርግተው «የኔታ፣ በሞቴ ይነሡ! ይነሡልኝ!» ይላሉ።

የኔታ የተዘረጋውን እጅ አዩት። ሶፋውን አዩት። ከዚያ ያ የምታውቁት ፈገግታቸው ቀስ ብሎ መጣ።

«አልነሣም» አሉ።

«ምን?»

«ተቀምጫለሁ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ወዲያ ወደኋላ የለም ያልኸን ማን ነበር?» አሉና ተደላደሉ፣ መቋሚያቸውንም ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ተያዩ። እነሱም ግራና ቀኝ ቁጭ!

አባዬ ሦስቱን አዩ። እኔን አዩ። ድሪሉን አዩ። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ሊቆጡ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳቅ ነበር! አባዬ በሳቅ ፈነዱ፣ ግድግዳ ይዘው ሳቁ፣ ከግድግዳውም የቀረው ልስን ረገፈ።

«ይሁን» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እግዚአብሔር ያቀናው። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እማዬ እልልታዋን የለቀቀችው «ሰጥቻ…» ላይ ነው። ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ!

ሀብታሙ ጋ ደወልኩ። «ተፈቀደ! ድሪሉ አስቀመጣቸው!» አልኩት። «ድሪሉ የማን ወገን ነው?» አለኝ። በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም ብዬ ዘጋሁበት።

ሽማግሌዎቹ በልተው ጠጥተው ሲሸኙ አባዬ በረንዳ ላይ ለብቻቸው ቀሩ። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ገና ናት የምለው ላንቺ ብዬ አልነበረም» አሉኝ፣ ሳያዩኝ። «ጠዋት ጠዋት ‹አባዬ መድኃኒትዎን ወሰዱ ወይ?› የሚለኝ ማን ነው እያልኩ ነው።»

ይኼን ሁሉ ጊዜ በሆዴ ስቀየማቸው ኖሬያለሁ እኮ! 

«በየጠዋቱ እደውላለሁ» አልኳቸው።

«ኔትዎርክ ካለ» አሉ።

ሳቅን። ከዚያ አለቀስን። ከዚያ የመድኃኒታቸው ሰዓት ደርሶ ነበርና ውኃ አመጣሁላቸው።

በሉ እንግዲህ ምክሬን ስሙ፣ ዛሬ በውድ የተማርኩት ነው። ድሪል ይዛችሁ መብራት ከሄደ፣ ሽማግሌ ይምጣ ጳጳስ ይምጣ፣ መጀመሪያ ሶኬት ንቀሉ! ያቺን ቁልፍም መልሱ! የኔታ ጋቢ ለብሰው ባይሆን፣ ቀጭን ነጠላ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ቢሆን፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ሌላ ነገር ነበር። 

እኔን ግን አንድ ነገር አሳስቦኛል። ድሪል አብርታ ትታ የምትሸሽ ሰው ባል ይዛ ቤት ትመራለች ትላላችሁ?

መልሱን በኢንቦክስ። ሀብታሙ ኮሜንት ያነባል!