የመሥራቹ ግራ ጉንጭ

የ«ወንዝ ማዶ» መረዳጃ ማኅበር (ገዳሪፍ፣ ሱዳን) ሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2004 ዓ.ም.

ቦታ፦ ከእህል ገበያው ጀርባ፣ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግቢ። ክፍሉ ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ ኮምፒውተሩ በረጅም ገመድ ወደ ደጅ ወጥቷል።

ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 9፡20 ተጀመረ። ጸሐፊው 8፡00 ላይ ተገኝቷል።

የተገኙ፦
1. አቶ ጋረደው፣ ሰብሳቢ
2. ሼህ ዩኑስ፣ ምክትል ሰብሳቢ፤ በገበያው የሸራና የጃንጥላ ነጋዴ
3. ወ/ሮ በላይነሽ፣ አባል፤ የመሥራቹ የአቶ አየነው ባለቤት
4. ስንሻው፣ ጸሐፊ፤ ይህን የጻፈ
5. አቶ አየነው፣ መሥራች አባል፤ በ1985 ዓ.ም. ያረፉ፤ በምስል

ድምፅ ሳይኖራት ለማስረዳት የተጠራች፦ ወ/ት ትህትና፣ የኮምፒውተር ባለሙያ

ያልተገኙ፦ አቶ ታምሬ፣ ወደ ከሰላ ከተማ ሄደው። አቶ ጀማሉ፣ በሩ ድረስ መጥተው ሻይ አለመኖሩን አረጋግጠው የተመለሱ።

ስለ ምልዓተ ጉባኤ

በማኅበሩ ደንብ መሠረት ከሰባቱ አባላት አምስቱ ካልተገኙ ስብሰባ የለም። የተገኙት አራት በመሆናቸው ጸሐፊው መዝገቡን ዘግቶ ሊሄድ ተነሣ። ሰብሳቢው እንዲቀመጥ አዘዙትና የአቶ አየነው ስም ከአባላት መዝገብ ተሰርዞ እንደሆነ ጠየቁ። ጸሐፊው የሚሰርዝ ስላልታዘዘ አለመሰረዙን ገለጸ። ሰብሳቢውም ስማቸው መዝገቡ ላይ፣ ፊታቸው ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ተገኝተዋል ማለት ነው አሉ። ለማረጋገጥም ወ/ሮ በላይነሽ ምስሉን አይተው ባለቤታቸው መሆኑን እንዲናገሩ ተጠየቁ። ወ/ሮ በላይነሽ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱና «ነው» አሉ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ 1፦ የምስሉን ችግር ስለ መስማት

ማኅበሩ ከነገ ወዲያ ዓርብ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ያከብራል። የመሥራቹ ምስል አዳራሹ ውስጥ ሊሰቀል ታስቧል፤ ለዚህም ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ሟቹ በሕይወት ሳሉ የተነሡት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ዘመድ ቤት ሳለ ከነሻንጣው ተቃጥሏል። ወ/ሮ በላይነሽ ከዚያ ወዲህ የባለቤታቸውን ፊት በፎቶም አላዩም። ስለዚህ ወ/ት ትህትና ከኳስ ጨዋታ አንድ ተጫዋች ወስዳ፣ ወ/ሮ በላይነሽ አጠገቧ ተቀምጠው «አፍንጫው እንዲህ፣ ግንባሩ እንዲያ» እያሉ፣ በሰባት ሳምንት ፊቱን ቀይራዋለች።

ወ/ት ትህትና እንዳስረዳችው ምስሉ ጨዋታው ውስጥ ሳለ ምንም አልነበረውም። ሬንደር ወደሚያደርገው፣ ማለትም ብርሃን አብርቶ እንደ ፎቶ ወደሚያወጣው ፕሮግራም ስታሻግረው ግን ግራ ጉንጩ በሙሉ ጠቆረ። «ሌላው ኩሉ ተማም፣ ሁሉም ደህና ነው። ችግሩ የጥላ ነው» አለች።

ጸሐፊው ከዚህ በታች ለተፈጸመው ሁሉ መነሻው ይህች አንዲት ቃል መሆኗን ይመዘግባል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጥላ

ሼህ ዩኑስ ችግሩ የጥላ ከሆነ እዚህ ድረስ መሰብሰብ አያስፈልግም ነበር አሉ። ጥላ ሱቃቸው ሞልቷል፤ የእጅም፣ የገበያም፣ ባለ አራት እግርም አለ። ወ/ት ትህትና እንዲያ ለማለት እንዳልፈለገች ለማስረዳት ሞከረች። ሰብሳቢው ድምፅ እንደሌላት አሳሰቧት። ከረጅም ውይይት በኋላ ለኮምፒውተሩ የሸራ ጥላ እንዲጣልለት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ሸራው መጥቶ ተወጠረ። ወ/ት ትህትና ምስሉ ምንም እንዳልተለወጠ፣ ኮሚቴው ግን ቀዝቀዝ እንዳለው አስታወቀች።

ባለሙያዋ በድጋሚ እንድታስረዳ ሲፈቀድላት ጥላ የጎደለው ሳይሆን የበዛው እንደሆነ ገለጸች። «ግራ በኩል ጥላው ከብዷል፣ ጋሽ ጋረደው» አለች። ሰብሳቢው ይህ በመሥራቹ ፊት መነገሩ አስደስቷቸው ስለ ሟቹ አመሰገኑ። አየነው ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ የሚልለት፣ ጥላው የከበደ ሰው እንደነበረም መሰከሩ። ወ/ት ትህትና በዓረብኛ አንድ ነገር ተናገረች። ጸሐፊው ሰምቷል፣ አልመዘገበም።

ሰብሳቢው በጨለመው ጉንጭ ላይ ባትሪ እንዲበራ ሐሳብ አቀረቡ። ባለሙያዋ መብራቱ መኖር ያለበት ፕሮግራሙ ውስጥ እንጂ ግቢው ውስጥ እንዳልሆነ ብትቃወምም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ባትሪውን ጸሐፊው እንዲይዝ ተደረገ። የዚህ አጀንዳ የመጨረሻ መስመሮች በግራ እጅ የተጻፉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ክንዴ ዝሎ ነበር፣ ማንም አልተካኝም።

አጀንዳ 3፦ ስለ መገልበጥ

ወ/ት ትህትና ሼህ ዩኑስን ጀለቢያቸውን አንድ እጅጌ እንዲገለብጡ ለመነቻቸው። ገለበጡ። በዚያም አስረዳች፦ የምስሉ ፊት ከትንንሽ ቁራጮች የተሰፋ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ልብስ ውስጥና ውጭ አለው። ጨዋታ ሠሪዎች ድካም ለመቀነስ የፊቱን ግማሽ ብቻ ይሠሩና ሌላውን ግማሽ በመስታወት እንደሚታይ አድርገው ይገለብጡታል። ጨዋታው ውስጥ ይህ አይታወቅም፤ አዲሱ ፕሮግራም ግን የተገለበጠውን ግማሽ ውስጡን ውጭ አድርጎ ያነበዋል። ግራ ጉንጫቸው ለብርሃኑ ጀርባውን የሰጠ ነው።

ኮሚቴው በጥሞና አዳመጠ። ሰብሳቢው ነገሩ ጀርባ መስጠት ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው ብለው ኮምፒውተሩ ዞሮ ከጀርባው እንዲታይ ሐሳብ አቀረቡ። ተወሰነ፤ ዞረ። ከጀርባው ገመድና አቧራ እንጂ አቶ አየነው አልተገኙም። ሼህ ዩኑስ እጅጌያቸውን መመለስ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ፤ ጥያቄው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

አጀንዳ 4፦ ስለ ማሊያው

ኮምፒውተሩ ወደ ፊቱ ሲመለስ ሟቹ ቁምጣና ቁጥር 9 ማሊያ እንደለበሱ መሆናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስተዋለ። ሼህ ዩኑስ መሥራች ዘጠነኛ ሊሆን አይገባም፣ ቁጥር 1 ይሰጣቸው አሉ። ሰብሳቢው ቁጥር 1 በረኛ እንደሆነ አስታውሰው ተቃወሙ። ክርክሩ ሃያ አምስት ደቂቃ ወሰደ። ወ/ሮ በላይነሽ ባለቤታቸው ኳስ ነክተው እንደማያውቁ፣ የሚለብሱትም ሰሊጥ ሲመዝኑ አቧራ የጠጣ ካኪ ሸሚዝ እንደነበረ ሲናገሩ አጀንዳው ተዘጋ። ካኪ ሸሚዝ እንዲለብሱ ተወሰነ።

በዚህ ክርክር መካከል ባለሙያዋ ማንንም ሳትጠይቅ የተገለበጡትን ቁራጮች መርጣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞረቻቸው፤ ሸሚዙንም አለበሰች። ከዚያ «ኸላስ፣ አለቀ» አለች። ሁሉም ዞሮ አየ። ጉንጩ ጠርቷል። ግራውም ቀኙም እኩል የበራ፣ ለግላጋ ሰው ከኮምፒውተሩ ውስጥ ያየናል። ሰብሳቢው አጨበጨቡ። ጸሐፊው ባትሪውን አጠፋ።

ወ/ሮ በላይነሽ ተጠግተው አዩ። ከዚያም «ይሄን ሰውዬ አላውቀውም» አሉ።

ከአጀንዳ ውጭ የተነሣ

ጸሐፊው በምስል የተገኙት ሰው አቶ አየነው ካልሆኑ የተገኙት አባላት አራት ብቻ እንደሚሆኑ፣ እስካሁን የተወሰነውም ሁሉ ውሳኔ አለመሆኑን አሳሰበ። ሰብሳቢው ጸሐፊው ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ብቻ ድምፁ እንደሚሰማ ገለጹ። ቀጥለውም «እቴ በላይነሽ፣ ነው በይና እንገላገል። ነገ ማተሚያ ቤት አለብን» ሲሉ ለመኑ። ወ/ሮ በላይነሽ ነው አይሉም። ሰብሳቢው ነገሩ በድምፅ እንዲለይ አደረጉ። ሁለት ለአንድ፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ፣ ሰውዬው አቶ አየነው ናቸው ተባለ። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገው ጸሐፊው ነው።

ወ/ሮ በላይነሽ እጃቸውን ካወጡት ሁለቱ ወንዶች ከአየነው ጋር በትዳር የኖረ ማን እንደሆነ ጠየቁ።

ሼህ ዩኑስ ቅድም በጥቁሩ ጉንጭ ጊዜ ለምን «ነው» እንዳሉ ጠየቋቸው። ወ/ሮ በላይነሽ እንዲህ ሲሉ አስመዘገቡ፦

«እሱ ሚዛኑ ጋ የሚቀመጥባት ራኩባ፣ ያቺ የሣር ዳስ፣ ትንሽ ነበረች። ከድንበር የመጣ ሰው ሲያይ ጥላውን ይለቅና ወደ ዳር ይላል። ምሳ ይዤለት ስሄድ ሁልጊዜ ግማሽ ፊቱ ፀሐይ ላይ ነው፣ ግማሹ ጥላ ውስጥ። ‹ምነው ደህና አድርገህ ብትቀመጥ› ስለው ‹ለሁለት ይበቃናል› ይለኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማስበው ያን ፊት ነው። ይሄ ሙሉውን የበራው ሰው ለማንም ቦታ ለቆ የሚያውቅ አይመስልም።»



ሼህ ዩኑስ የተገለበጠ እጅጌያቸውን እያዩ ቆዩና በ1980 ዓ.ም. ከድንበር ባዶ እጃቸውን ሲደርሱ መጀመሪያ የተቀመጡት በዚያች በተለቀቀችው ጥላ ሥር መሆኑን ተናገሩ። «ሸራ የጀመርሁት ኋላ ነው። የዚያን ቀን ያስጠለለኝ እሱ ነው። ቀድሞ ልናገረው የሚገባ እኔ ነበርሁ» አሉ። ቅድም የሰጡትንም ድምፅ ሳቡ።

ሰብሳቢው ለባለሙያዋ ጥቁሩ ጉንጭ ሊመለስ ይችል እንደሆነ ጠየቋት። ወ/ት ትህትና ሰባት ሳምንት ሠርታ፣ ችግሩን አግኝታ፣ ፈትታ፣ አሁን መልሺው መባሏን ጮክ ብላ ቆጠረች። ከዚያም ወ/ሮ በላይነሽን አየቻቸውና «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም እትዬ። አንድ ቁልፍ ናት» ብላ ጥቁሩን ጉንጭ መለሰችው።

ምስሉ ግማሹ ጠቁሮ ተመለሰ። ወ/ሮ በላይነሽ «እንዴት ዋልህ» አሉት። ይህ ለኮሚቴው የተነገረ ባይሆንም ተመዝግቧል።

የማጠቃለያ ውሳኔ

አቶ አየነው በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው እንደገና ተሟላ። ኮሚቴውም ስለ ሸራው፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ኮምፒውተሩ መዞር እና ሰውዬው ማን እንደሆነ በድምፅ ብልጫ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ምስሉም ችግሩ ሳይፈታ እንዳለ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት እንዲገባ በአምስት ድምፅ ወሰነ። የአቶ አየነው ዝምታ እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል። ካኪ ሸሚዙ ብቻ እንዲጸና ሆነ።

ስብሰባው ከምሽቱ 12፡10 ላይ ተነሣ። በውሳኔው መሠረት ሼህ ዩኑስ ሸራቸውን ሊያወርዱ ገመዱን ፈትተው ነበር፤ ወ/ሮ በላይነሽ ገና ከምስሉ ፊት እንደተቀመጡ ሲያዩ መልሰው አሰሩት። ጸሐፊው ይህ ከውሳኔው ውጭ መሆኑን ያውቃል፤ አላሳሰበም።

ስንሻው፣ ጸሐፊ
(ፊርማ)