በመኝታ ቤታችን ስላለው ጠብ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ።
ቦታ፦ የእኔና የባለቤቴ መኝታ ቤት፣ ከታመመው ግድግዳ ፊት ለፊት።

የተገኙ፦
ታላቅ እህቴ፣ በዕድሜ ሰብሳቢ፤
ባለቤቴ፤
ሒሳብ ሠራተኛው ልጄ፤
ምራቴ፣ ብዕር ያዥ፤
ቀለም ቀቢው ጎረቤታችን፣ ሳይጠራ የመጣ፤
እኔ፣ ቤቱን በእጄ የሠራሁትና የስብሰባው ጸሐፊ።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተጠይቆ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ መቀመጫ ስላለቀ ተሟልቷል ተባለ።

ጸሐፊ ስለመምረጥ። ልጄ «አባዬ ፊደል አልቆጠረም፤ ጸሐፊዋ ባለቤቴ ትሁን» የሚል ሐሳብ አቀረበ። እኔም የነገሩ ስም ራሱ ቃለ ጉባኤ መሆኑን፣ ቃል ደግሞ ከአፍ እንጂ ከብዕር እንደማይወጣ አስረዳሁ። ስለዚህ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ምራቴ ያልኳትን ትጽፋለች፣ ያላልኳትን አትጽፍም።

አንደኛ፣ ስለ አጀንዳው ትርጉም

ሰብሳቢዋ ስብሰባውን የከፈቱት እኔንና ባለቤቴን ጎን ለጎን አስቀምጠው «በሉ እንግዲህ፣ ማን ማንን አስቀየመ?» በማለት ነው። ተያየን። እህቴም መነጽራቸውን አድርገው የላክንላቸውን ወረቀት አነበቡ፤ «በመኝታ ቤታችን ጠብ ስላለ በአስቸኳይ ይምጡልን» ይላል። «እኔ ለማስታረቅ ነው ከአልጋዬ የተነሳሁት። በዚህ ዕድሜያችሁ አታፍሩም?» አሉ።

እኔ ያስጻፍኩት ውሃ ከጣሪያ ሲወርድ የሚለውን ጠብ እንጂ፣ ባልና ሚስት የሚጣሉትን ጠብ አለመሆኑን ገለጽኩ። በአፌ ሁለቱን እየለየሁ ደጋግሜ አልኩላቸው። ምራቴ «አባባ፣ ሲጻፍ እኮ ያው ነው» አለች፤ ጽፋም አሳየችኝ። ለእኔማ ሁሉም ያው ነው። ጠብን ከጠብ መለየት ካልቻለ የተማረ ሰው ምኑን ተማረ ብዬ መጠየቄ ይመዝገብ።

ሰብሳቢዋ ግን ባለቤቴ ከእኔ ተለይታ ሳሎን እንደምትተኛ ሲሰሙ ወረቀቱን አጣጥፈው «ታዲያ ምኑን ተሳሳትኩ?» አሉ። እውነቱ ይህ ነው፤ ሻጋታው ደረቷን ስለያዘባት ግድግዳው ካልደረቀ አልመለስም ብላለች። እኔ እዚህ ብቻዬን ነኝ። ይህ ስሞታ አይደለም፣ መረጃ ነው።

ሁለተኛ፣ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ

ጸሐፊው ጣሪያው ያፈሳል አለ። ልጄ «አባዬ፣ ዝናብ ከጣለ ስንት ጊዜው! ምኑ ነው የሚያፈሰው?» ብሎ ጠየቀ። የድሮው ዝናብ ተጠራቅሞ ሊሆን እንደሚችል መለስኩ። ሳቅ ነበር፤ ማን እንደሳቀ አውቃለሁ።

ቀለም ቀቢው ማንኛውም እርጥበት በዘይት ቀለም እንደሚጠፋ ተናገረ። የራሱ ቤት ግድግዳ ለምን እንደሚላጥ ቢጠየቅ፣ «ጋሼ፣ የባለሙያ ቤት እኮ ሁሌም እንደዚሁ ነው» አለ።

ልጄ በበኩሉ ቤቱ ስላረጀ እናትና አባቱ ወደ እሱ ፎቅ ይግቡ አለ። ሐሳቡ ውሃ እንደማያነሳ፣ ግድግዳዬ ግን እንደሚያነሳ፣ ከሁለቱ ግድግዳዬን እንደምመርጥ ነገርኩት። ባለቤቴ «እዚያ ላይ አፈር የት አለ?» አለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ ግድግዳው ዘይት ቀለም እንዲቀባ፣ እኛም ፎቅ እንድንገባ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። የምንለቀውን ቤት ለምን እንደምንቀባው የጠየቀ የለም።

ሦስተኛ፣ ቁም ሳጥኑን ስለማንሳት

እህቴ «ሳታዩት ነው እንዴ የምትወስኑት?» ብለው በምርኩዛቸው ቁም ሳጥኑን መቱት። ልጄና ቀለም ቀቢው ገፉት። ከኋላው ግድግዳው ወለሉ ጋ ጥቁር ነው፤ ወደ ላይ እየሳሳ ሄዶ ጉልበት ላይ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያው ደረቅ ነው። ውሃው ከታች እንጂ ከላይ እንዳልመጣ ሁሉም አዩ። እኔም አየሁ።

ሰብሳቢዋ «እንግዲህ የአንተው ጠብ ከሌለ፣ የቀረው የእኔው ነው» አሉ። ይህ እንዳይጻፍ ብል፣ ተጽፏል ተባልኩ።

ጉባኤው ወደ ጓሮ ወጣ። በዚያው ግድግዳ ጀርባ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የባለቤቴ ጽጌረዳ አለ። አፈሩ የመሠረቱን ድንጋይ ውጦ እስከ ግድግዳው ሸክላ ድረስ ተቆልሏል። ባለቤቴ ጠዋትና ማታ በጎማ ታጠጣዋለች፤ ጽጌረዳው ጠጥቶ የተረፈውን ግድግዳው ይጠጣል። በመሠረቴ ላይ ምንም ጥፋት አለመገኘቱ በጉልህ ይጻፍ።

ወዲያው ጽጌረዳው እንዲነቀል፣ አፈሩም ከመሠረቱ በታች እስኪሆን እንዲጠረግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ባለቤቴ እጇን አላወጣችም። ልጄ ዝምታ ድጋፍ ነው ብሎ ቆጠራት።

አራተኛ፣ ባለቤቴ የተናገረችው

ባለቤቴ «ማን ጠይቆኝ ነው የሚነቀለው?» አለች። ልጄ «እማዬ፣ ድምፅ ተሰጥቶበታል» ሲላት፣ «ድምፅህን ሰብስብ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ ወገብህን ታመህ ከአልጋ መነሳት ያቃተህ ጊዜ ነው የተከልኩት። ተኝተህ አይታይህም ነበር። እንዲታይህ ብዬ ነው አፈሩን በሳፋ እያመላለስኩ የቆለልኩት። አሁን አንተም እጅህን አወጣህ» አለች።

ጸሐፊው ዞሮ መስኮቱን ያይ ጀመር።

እህቴ «ምን ትጠብቃለህ? አፍ አለህ አይደል፣ ቃል ከአፍ ነው ስትል አልነበር?» አሉኝ። እኔም ባለቤቴን ጽጌረዳው አጥሩ ጋ ቢዛወር ምን ይመስልሻል አልኳት። ምራቴን ምን ጻፍሽ ብላት «ለመኑ» ብዬ አለች። «ጠየቁ» ተብሎ እንዲታረም አዘዝኩ። ባለቤቴ «‹ለመኑ› ካልተባለ አበባው ንቅንቅ አይልም» አለች። በጉዳዩ ላይ ሰፊ ክርክር ተደርጎ «ለመኑ» የሚለው ጸደቀ። እሷም እሺ አለች።

የመጨረሻ ውሳኔ

ባለቤቴ ጽጌረዳዋን የምታዛውረው ወዳ እንጂ በድምፅ ተገዳ አለመሆኑ እንዲታወቅ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ ዘይት ቀለሙም፣ ፎቁም፣ ነቀላውም ተሽሯል። ይህ ጉባኤ ምንም አልወሰነም።

አፈሩ ተነስቶ ግድግዳው እስኪደርቅ እኔ የት እንደምተኛ አጀንዳ ይያዝልኝ ስል፣ ባለቤቴ «ለዚህ ስብሰባ አያስፈልግም፤ የሳሎኑ ሶፋ ይዘረጋል» አለች። ጸሐፊው ትራሱን ሊያነሳ ስለተነሳ ስብሰባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በዚሁ ተበተነ።